የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ጥርስን ለምን አያይም?

ልጄ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ሲሞላት ለቫይታሚን ኤ ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ተራችን ደርሶ ስንገባ የክትባት ክፍሏ ሲስተር ቀዩን እንክብል አወጣች፣ ጫፉን በመቀስ ቆረጠች፣ የልጄን ጉንጮች በሁለት ጣቶቿ ጫን ብላ አፏን አስከፈተችና ዘይት የሚመስለውን ፈሳሽ እስኪያልቅ ድረስ ጨመቀችላት። ልጄ አፏን በሰፊው ከፍታ ማልቀስ ጀመረች። ፊት ለፊቷ ቆሜ ስለነበር ከላይኛው ድዷ ሥር፣ በሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ላይ፣ በቀጭን ብሩሽ የተቀባ ኖራ የሚመስል ነጭ መስመር ተጋድሞ አየሁ። ሲስተሯ ቀኑን ካርዱ ላይ ጻፈች፣ የልጄን ክንድ በመለኪያ ጥብጣብ ለካች፣ «ጎበዝ ናት፤ ከስድስት ወር በኋላ መልሰሽ አምጫት» አለችኝና ቀጣዩን ልጅ ጠራች። ነጩን መስመር አላየችውም፤ እንድታየውም የነገራት ሰው የለም።

መስመሩ ምን እንደሆነ የተረዳሁት ከሳምንት በኋላ አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ቀርቤ ነው። የጥርስ መቦርቦር ሁላችንም ከምናውቀው ጥቁር ቀዳዳ አይጀምርም። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፣ አሲዱ ከጥርሱ የላይኛው ሽፋን ማዕድን እያሟሟ ያወጣል፣ ማዕድኑን ያጣው ቦታም ማብረቅረቁን ትቶ ድብዝዝ ብሎ ይነጣል። እዚህ ደረጃ ላይ ያለ ጥርስ ገና አልተበሳም፤ ስኳሩ ከተቀነሰለትና ጥርስን የሚያጠነክረውን ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን ካገኘ ያጣውን መልሶ ሊተካ ይችላል። ጊዜ ካለፈ ግን ነጩ ቡና ዓይነት ይሆናል፣ ሽፋኑ ይፈርሳል፣ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ወይ መሙላት ወይ መንቀል ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ወንበር ላይ አስቀምጦ ጥርስ መሙላት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ደግሞ የሞከረ ወላጅ ያውቀዋል። ልጄ የዳነችው እኔ በአጋጣሚ በጥሩ ብርሃን ፊት ለፊቷ ስለቆምኩና ለሐኪሙ የምከፍለው ስለነበረኝ ነው፤ ይህ ሐሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተወኝም።

በአገራችን የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የድኅረ ወሊድ አገልግሎትና ክትባት ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። እናት ልጇን በአርባ አምስት ቀኑ፣ በሁለት ወር ተኩሉ፣ በሦስት ወር ተኩሉ፣ በዘጠኝ ወሩና በአንድ ዓመት ከሦስት ወሩ ለክትባት ታመጣለች፤ ከስድስት ወሩ ጀምሮ ደግሞ አምስት ዓመት እስኪሞላው በየስድስት ወሩ ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ጥርስ የሚበቅለው በስድስት ወር ገደማ ሲሆን ሃያው የወተት ጥርስ በሁለት ዓመት ተኩልና በሦስት ዓመት መካከል ተሟልቶ ያልቃል። እንግዲህ ጥርስ በሚበቅልባቸው ወራት ሁሉ ልጁ ጤና ጣቢያ ይመላለሳል፣ ቫይታሚን ኤ በሚወስድበት ቀን ሁሉ አፉ በባለሙያ እጅ ይከፈታል፣ ነገር ግን ጥርሱን ለማየት የሚከፈት አፍ የለም። የጥርስ ሕክምና የሚባለው ነገር በሌላ ሕንፃ፣ በሌላ ካርድ፣ ብዙ ጊዜም በሌላ ከተማ ነው፤ እናት እዚያ የምትደርሰው ሪፈር ተጽፎላት፣ ልጇ ከታመመ በኋላ፣ ለማስነቀል ነው። በየጤና ጣቢያው የጥርስ ሐኪም ይቀመጥ የሚለው ምኞት ዛሬ እንደማይሆን አውቃለሁ። የምለው ነገር ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል አፍንም ይይ ነው የምለው።

ይህ ጉዳይ ከልጅ በፊት በእናት ይጀምራል። ልጄን በአራተኛ ወሬ ላይ ይዤ ሳለሁ ጥርሴን በቦረሽኩ ቁጥር ድዴ ይደማ ነበር። ጎረቤቶቼ «ልጁ ካልሲየምሽን እየወሰደብሽ ነው፣ ከወለድሽ ይተውሻል» አሉኝና እኔም አምኜ ተውኩት። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ጽንስ ከእናቱ ጥርስ ካልሲየም አይወስድም። በእርግዝና ወቅት የሚጨምሩት ሆርሞኖች ድድ በጥርስ ዙሪያ ለተከማቸ ቆሻሻ ከወትሮው የበለጠ እንዲቆጣ ያደርጉታል፣ ስለዚህ ቀድሞ የማይደማ ድድ ይደማል፣ አንዳንድ ጊዜም በጥርስና በጥርስ መካከል እንደ እንጆሪ የቀላ እብጠት ያወጣል፤ ከወሊድ በኋላ ብዙውን ጊዜ ይሟሽሻል። መፍትሔው መቦረሽን መተው ሳይሆን ለስላሳ ብሩሽ ይዞ መቀጠልና ከተቻለ ጥርስን ማሳጠብ ነው። ጠዋት ጠዋት የምታስታውክ ነፍሰ ጡርም ከሆድ የመጣው አሲድ ጥርሷን አለስልሶት ስለሚቆይ ወዲያው ከመቦረሽ ይልቅ አፏን በውሃ ተጉመጥምጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ብትጠብቅ ይሻላል። ይህን ሁሉ ለማወቅ የጥርስ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ የክትትል ክፍል ነርስ በሁለት ደቂቃ ልትነግረኝ የምትችለው ነገር ነበር፣ ደሜንና ሽንቴን ስትመረምር፣ ግፊቴን ስትለካ፣ «አፍሽንስ?» ብላ ብትጠይቀኝ።

በሰባተኛ ወሬ አንድ የመንጋጋ ጥርሴ ሌሊት ሌሊት ይቀሰቅሰኝ ጀመር። ቅርንፉድ ነክሼ፣ ጉንጬን ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ያደርኩባቸውን ሌሊቶች አልረሳቸውም። ሕክምና ስሄድ የተሰጠኝ መልስ «ለነፍሰ ጡር ጥርስ አንነካም፤ ስትወልጂ ነይ» የሚል ነበር። የመለሱኝ ሰዎች ለልጄ ፈርተው እንጂ ጨክነው እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ፍርሃቱ ግን ትክክል አልነበረም። በእርግዝና ጊዜ የጥርስ ሕክምና አይከለከልም፤ በተለይ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ ለእናትም ለሐኪምም የሚመች ሲሆን፣ የሚያሰቃይ ወይም መግል የቋጠረ ጥርስ ግን በየትኛውም ወር ቢሆን ሊታከም ይገባዋል። ሊዶካይን የተባለው የተለመደው ማደንዘዣ ለነፍሰ ጡር ይሰጣል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በመድኃኒት ምርጫ ላይ ነው፤ ለሕመሙ ፓራሲታሞል የሚመረጥ ሲሆን እንደ አይቡፕሮፌን ያሉት በተለይ ከእርግዝናው አጋማሽ ወዲህ አይወሰዱም፣ ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን ደግሞ በማኅፀን ውስጥ እየተሠራ ያለውን የልጁን ጥርስ ቀለም ስለሚያበላሹ ይከለከላሉ። «ስትወልጂ ነይ» የተባለች እናት ጥርሷ ባሰቃያት ሌሊት ከሰፈር ሱቅ በግምት የምትገዛው ክኒን ከማደንዘዣው መርፌ ይልቅ ሊያስፈራን ይገባ ነበር። እኔ ወልጄ፣ በአራስ ቤት ፊቴ አብጦ፣ ልጄን በአንድ እጄ እያጠባሁ በሌላው ጉንጬን ይዤ ቆይቼ ነው ጥርሱን ያስነቀልኩት።

የእናት አፍ የልጅን አፍ ይወስናል። ልጅ ሲወለድ ጥርስ የሚያቦረቡሩት ባክቴሪያዎች አፉ ውስጥ የሉም፤ በኋላ ከሚንከባከቡት ሰዎች፣ ከሁሉ በላይ ከእናቱ፣ በምራቅ ይተላለፉበታል። እኛ ሙቀቱን ለመለካት ገንፎውን በማንኪያ ቀምሰን በዚያው ማንኪያ እናጎርሳለን፣ ጠንከር ያለውን ምግብ አላምጠን እናቀርባለን፤ ይህ ፍቅር መሆኑን ማንም አይክደውም። ስለዚህ እናቶችን «አትቅመሱ፣ አታጉርሱ» እያሉ ከማስጨነቅ ይልቅ የተቦረቦረ ጥርሳቸውን በእርግዝናቸው ወቅት ማከም ይቀላል፣ ይጠቅማልም። የታከመ የእናት አፍ ለልጁ የሚያወርሰው ባክቴሪያ ያነሰ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሌሊት ጡጦ ነው። በልጄ ጥርስ ላይ ያየሁት መስመር ምክንያቱ እሱ ነበር፤ ሥራ ስገባ ከሞግዚቷ ጋር ተስማምተን እንድትተኛ ስኳር የገባበት ወተት በጡጦ እንሰጣት ነበር፣ እሷም ጡጦውን አፏ ላይ እንዳደረገች ታንቀላፋለች። ልጅ ሲተኛ የምራቁ መጠን ይቀንሳል፣ ጥርሱን የሚያጥብለት ነገር የለም፣ ስኳሩ በላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ዙሪያ ሰዓታት ተኝቶ ያድራል። የታችኞቹን ምላስ ስለሚጋርዳቸው ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ፤ ለዚህ ነው የላይኞቹ ብቻ ጉቶ ሆነው የቀሩ ልጆችን በየሰፈሩ የምናየው። ሻይ በስኳር፣ ጣፋጭ አጥሚት፣ ለስላሳ መጠጥ በጡጦ ሲሰጥ ውጤቱ ያው ነው። ሐኪሙ ያዘዘልኝ ነገር ቀላል ነበር፤ ሌሊት ከተፈለገ ውሃ ብቻ፣ ማታና ጠዋት ደግሞ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ፣ ሳሙናው ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከዚያ በላይ ላለው የአተር ፍሬ ታህል። ልጅ በራሱ በደንብ መቦረሽ የሚችለው ከሰባት ዓመቱ ገደማ ጀምሮ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ብሩሹ በወላጅ እጅ ይሆናል። በወይራ ወይም በክትክታ መፋቂያ ያደግን ሰዎች መፋቂያውን መናቅ አይገባንም፤ በደንብ ከተፋቀበት ያጸዳል። ለሕፃን ድድ ግን አይሆንም፣ ፍሎራይዱንም አይሰጥም።

«የወተት ጥርስ እንደሆነ ይወልቃል፤ ለምን ይደከምበታል?» የሚለውን ጥያቄ ከእናቴም ከአማቴም ሰምቼዋለሁ። የወተት መንጋጋ የሚወልቀው ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በሦስት ዓመቱ የበሰበሰ ጥርስ ከልጁ ጋር ከስድስት ዓመት በላይ ይኖራል። ልጁ በአንድ ጎኑ ያላምጣል፣ ከዚያ ጨርሶ እምቢ ይላል፣ እንቅልፉ ይቆራረጣል፣ እናቱም የጥርሱን ሕመም ሳታውቅ «ምግብ አይወድልኝም» ትላለች። ጥርሱ ያለ ጊዜው ከተነቀለ ደግሞ ጎረቤቶቹ ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብሉና ቋሚው ጥርስ የሚወጣበት ቦታ ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት የወተት ጥርሳቸው የተቦረቦረባቸው የዓለም ሕፃናት 514 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ገምቷል። ቁጥሩ ሲነበብ ሩቅ ይመስላል፤ እኔ ግን በሰፈራችን መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ቆሜ የሚስቁትን ልጆች ስመለከት ቅርብ ሆኖ ይታየኛል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ። ተማሪ ሳለሁ ለክረምት አክስቴ ዘንድ ገጠር ሄጄ የስምንት ወር ልጇን ተቅማጥና ትኩሳት ይዞት አገኘሁ። የሰፈሩ አሮጊት ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አጋድመው የላይኛውን ከንፈሩን ገለጡና ከፊት ጥርሶቹ አጠገብ፣ ክራንቻው የሚወጣበት ድድ ላይ፣ ያበጠውን ነጣ ያለ ቦታ በጣታቸው አሳዩን። «ይኸውላችሁ፣ የሚበላው እሱ ነው፤ ካልወጣ ልጁ ይሞታል» አሉ። ያበጠው ገና ያልበቀለ የወተት ክራንቻ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ጤናማ በሆነ ልጅም ድድ ላይ ጎላ ብሎ ይታያል፣ ተፈልፍሎ ሲወጣም ገና ለስላሳ ስለሆነ ትል ይመስላል። አክስቴ እሺ ሳትል ቀረችና ልጁ በጤና ኬላዋ ባለሙያ ምክር ኦ አር ኤስ ተበጥብጦለት ዳነ። እሺ ያሉ እናቶች ልጆች ግን በጋለ ሚስማር፣ በቢላ ጫፍ፣ በጥፍር ድዳቸው ተፈልፍሎ ደም ፈሷቸዋል፣ አመርቅዘዋል፣ በመንጋጋ ቆልፍም የሞቱ አሉ። የተረፉትም ብዙዎቹ ቋሚው ክራንቻ ተበላሽቶ ወይም ጨርሶ ሳይበቅል ያድጋሉ። የወተት ጥርስ ማስነቀልና ግግ ማስቧጠጥ እየተባለ የሚጠራው ይህ ልማድ በስደትም አልቀረም፤ በእስራኤል ያሉ የጥርስ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ በመጡ የቤተ እስራኤል ልጆች አፍ ውስጥ የጎደሉ ክራንቻዎችን አግኝተው በሙያ መጽሔቶች ላይ ጽፈውበታል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን የሚጎዳን ሰው ይቀጣል፤ ይሁን እንጂ ልጇ በተቅማጥ እያለቀባት ያለችን እናት የሚያድናት የሕግ አንቀጽ ሳይሆን፣ ቀድሞ ከንፈሩን ገልጦ «ይህ ጤናማ ጥርስ ነው፣ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው ይወጣል፣ ተቅማጡ ሲመጣ ግን ኦ አር ኤስና ዚንክ ስጪው» የሚላት ሰው ነው። የዘጠኝ ወር ክትባት ለዚህ ከተመረጠ ቀን ሁሉ የተሻለ ነው።

የስምጥ ሸለቆ እናቶች ጉዳይ ደግሞ የራሱ መልክ አለው። ባለቤቴ ያደገው ወንጂ ነው፤ ሲስቅ ቡናማ ጥርሱን የሚያይ ሰው ሁሉ የት እንዳደገ ሳይነገረው ያውቃል። በመጠኑ ጥርስን የሚጠብቀው ፍሎራይድ ሲበዛ ይጎዳዋል፤ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ጣሪያ ብዙ ጊዜ ያልፋል፣ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ያለ ሕፃን ይህን ውሃ ሲጠጣ ጥርሱ ሲወጣ ነቁጥ ያለበት ወይም ቡናማ ይሆናል። በእነዚህ አካባቢዎች ያለች እናት ልትሰማቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ እሷ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ብትጠጣም ወደ ጡቷ ወተት የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ስድስት ወር ጡት ብቻ ማጥባት ለልጇ ጥርስም ጥበቃ ነው። ሁለተኛው፣ ውሃን ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይወፍራል፣ ስለዚህ ለልጅ ምግብ የዝናብ ውሃ ወይም ፍሎራይዱ የተጣራለት ውሃ ማግኘት ዋጋ አለው።

ሌሎች አገሮች ይህን ነገር በእናትና በልጅ በኩል ነው የያዙት። እንግሊዝ ውስጥ ነፍሰ ጡርና ከወለደች አሥራ ሁለት ወር ያልሞላት እናት በብሔራዊው የጤና አገልግሎት የጥርስ ሕክምና አትከፍልም። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2010 የሕፃናትን የጥርስ ሕክምና እስከ ስምንት ዓመት ባሉት ልጆች ጀምራ በሕዝብ የጤና መድን ውስጥ አስገብታ ከዚያ ደረጃ በደረጃ እስከ አሥራ ስምንት ዓመት አድርሳዋለች፤ ከጎንደር የሄዱ ዘመዶቼ ልጆች ዛሬ ቁፓት ሖሊም በሚባለው የጤና መድን ድርጅት ካርዳቸው ጥርሳቸውን ያስመረምራሉ። እኛ የእነሱ ገንዘብ የለንም፤ ለድሃ አገር ተብሎ የተፈጠረ ዘዴ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በምሥራቅ አፍሪካዋ ታንዛንያ ውስጥ የተጀመረው አሠራር የተቦረቦረን ጥርስ ያለ ኤሌክትሪክና ያለ መሰርሰሪያ በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ በሚጣበቅ ሙሌት ይደፍናል። የተቦረቦረውን ቦታ አጥቁሮ የሚያስቆመው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለው ፈሳሽም በጠብታ ይቀባል፤ መርፌም ለቅሶም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን ፈሳሽ፣ ሙሌቱንና ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። በጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ከንፈር ገልጣ ነጭ መስመር መለየት፣ ፍሎራይድ መቀባትና የከፋውን ለይታ መላክ ለመማር ዓመታት አያስፈልጓትም።

ልጄ ሁለት ዓመት ሲሞላት ለቀጣዩ ቫይታሚን ኤና ለመጀመሪያው የወስፋት መድኃኒት ወደዚያው ክፍል ተመለስን። ሲስተሯ እንክብሉን ልትቆርጥ መቀሱን ስታነሳ «ሲስተር፣ እባክሽ አፏን ስትከፍቺ ጥርሷንም እይልኝ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ መቀሱን አስቀመጠችና የስልኳን መብራት አብርታ የልጄን የላይኛ ከንፈር በአውራ ጣቷ ገለጠች። ነጩ መስመር ደብዝዞ ነበር፤ ምን እንደነበረና ምን እንዳደረግንለት ነገርኳት፣ እሷም የራሷ ልጅ ጡጦ ይዞ እንደሚያድር ነገረችኝ። ካርዱን አንስታ ጥቂት ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው። «የት ልጻፈው?» አለችኝ። ቦታ ስላልነበረው ከወስፋት መድኃኒቱ መስመር በታች፣ በኅዳጉ ላይ፣ በእስክሪፕቶ «ጥርስ ታይቷል» ብላ ጻፈችና ቀኑን አስቀመጠችበት።